ከእማ ስልክ የተላከ መርዶ

ይድረስ ለወንድሜ ለኑዕማን፣

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ? ሚስትህ ሃፍሳስ እንዴት ናት? የባሕሩ ነፋስ ተስማማችሁ? ጀርባህን ፀሐይ እንደላጠህ በፎቶው አይቻለሁ፤ አሁን ሻል አለህ? ሆድህስ የደሴቱን ምግብ ለመደው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እኛ ስል እኔን፣ ልጆቼንና አጎታችንን ጋሽ ኑሬን ማለቴ ነው። እማ ሞታለች።

ያረፈችው ባለፈው ማክሰኞ ሲነጋ ነው፤ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ተሰግዶባት ተቀበረች። ይህን የምነግርህ ደንቡን ጥሼ ነው። ጋሽ ኑሬ ከሁሩታ እንደደረሱ ሁላችንንም ሰብስበው አስጠነቀቁን። ልጁ በባዕድ አገር ብቻውን መርዶ አይሰማም፣ ከጉዞው ሲመለስ ሰው ተሰብስቦ በማለዳ ቤቱ ሄዶ ይነግረዋል አሉ። እዚያው ሮተርዳም ከቤትህ አጠገብ ለሚኖረው ጓደኛህ ለመሐመድሰዒድም ደወሉለት። እስከዚያ ድረስ በእማ ስልክ ስትጽፍላት እኔ እንድመልስልህ ታዘዝኩ።

ስለዚህ ከማክሰኞ ወዲህ "ማሻአላህ የኔ ልጅ" የምልህ እኔ ነኝ። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ሲያለቅሱ እኔ ጥግ ይዤ በሟች ስም የአበባ ምልክት እመርጥልህ ነበር። ዕረፍትህ እንዳይበላሽብህ ብለው ነው ያዘዙኝ። እኔ ግን እንዲበላሽብህ ፈለግሁ።

ምክንያቱን ታውቀዋለህ። እማ ልቧ ደክሞ አልጋ ላይ ከዋለች ጀምሮ የለመነችን አንድ ነገር ነው፤ አንተን ማየት። ፈቃድ ከለከሉኝ፣ አለቃዬ ጨካኝ ነው አልካት። አመነችህ፤ አላህ የአለቃህን ልብ እንዲያራራልህ ዱዓ ታደርግ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ኩራሳዎ ከምትባል የካሪቢያን ደሴት ፎቶህ መጣ። ሆላንዶች ድሮ የሠሯቸው ባለ ብዙ ቀለም ቤቶች፣ ነጭ አሸዋ፣ መሀሉ ላይ አንተ በቁምጣ። ስልኩን ልደብቀው ስል ቀድማኝ አየችው። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ለሥራ ልከውት ነው አለች። ለሚጠይቃት ሁሉ ይህንኑ ተናገረች። ጎረቤታችን እትዬ መሰለች ቁምጣህን አይታ ምን ዓይነት ሥራ ነው ብትላት፣ የባሕር ሥራ ነው አለቻት።

ከዚያ ያ ቪዲዮ መጣ። ጨው የሚወጣበት ኩሬና ዳር ዳሩን የቆሙ ፍላሚንጎዎች ነበሩበት። ድሮ ባሮች እዚህ ፀሐይ ላይ ጨው ሲዝቁ ይውሉ ነበር አልክና፣ ወዲያው ካሜራውን ወደ ራስህ አዙረህ የጌቶቻቸው ቤት አሁን ሆቴል እንደሆነና እናንተም እዚያ እንዳረፋችሁ ነገርከን። አልጋው እንዴት እንደሚመች ሳይቀር አወራህ።

እማ ወፎቹን ስታይ አብያታ ሐይቅ መሰላት። ልጅ ሆና ቡልቡላ ሳለች ከሐይቁ ዳር ለከብት የሚሆን ጨዋማ አፈር እየዛቀች ገበያ ታወርድ እንደነበር፣ ተረከዟም በዚያው ተሰነጣጥቆ እንደቀረ ታውቃለህ። ቪዲዮውን ደጋግማ አስከፈተችኝ። በመጨረሻ ባሮቹ እግራቸውን ምን ይቀቡ ነበር፣ ኑዕማንን ጠይቂልኝ አለች። ጠየቅሁህ። አንተ የሳቅ ምልክት ላክህ። ከዚያ በኋላ ካንተ ምንም አልጠየቀችም።

ምን አለ ስትለኝ፣ ቅቤ ይቀቡ ነበር አለ አልኳት። እሷም በልጅነቷ ቅቤ ነበር የምትቀባውና ደስ አላት።

ለቅሶ ላይ ልጇ የት ነው እያሉ ሲጠይቁኝ ለሥራ ተልኮ ነው አልኩ። ያንን ያልኩት ለእሷ ክብር እንጂ ላንተ ብዬ አይደለም።

ይህን ወረቀት ፎቶ አንስቼ በእሷው ስልክ እልክልሃለሁ። ስሟን አይተህ ፈገግ እያልክ እንድትከፍተው ነው። እንዳትደውል። ስታለቅስ ብሰማህ አዝንልሃለሁ፤ እኔ ደግሞ ላንተ ማዘን አልፈልግም። ለሃፍሳም እንዳትነግራት፤ እሷ ምን አጠፋች፣ ዕረፍቷን ትጨርስ። እጇን ይዘህ ዋኝ። ቤትህ ስትመለስ መሐመድሰዒድ እዚያ ያለውን ያገራችንን ሰው አስከትሎ በማለዳ በርህን ያንኳኳል። ያኔ ምንም እንዳልሰማ ሰው ሁን። ደንግጥ፣ ውደቅ፣ ይደግፉህ። ጋሽ ኑሬን እንዳታሳፍር። ማስመሰል አንተን አይቸግርህም።

ጋሽ ኑሬ ይህን መጻፌን ስለማያውቁ፣ አላህ በሰላም ይመልሰው ብለውሃል። ልጄ ደሊል ሰላም ይልሃል፤ ታናሽ እህቱ በድሪያ የባሕር ዛጎል አምጣልኝ ትላለች። እትዬ መሰለች የባሕር ሥራው እንዴት ነው ብላ ጠይቃሃለች። ከእማ የሚደርስህ ሰላምታ የለም። ይህን ማንበብህን እንዳየሁ ስልኳን እዘጋዋለሁ።

እህትህ ሱሃይላ
አዳማ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.