መጠጥ የማያውቁት ቦክሰኛ፣ አቶ መኩሪያ ዘለቀ

አቶ መኩሪያ ከአባታቸው ከአቶ ዘለቀ አድማሱና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰለፈች በለጠ ኅዳር 12 ቀን 1948 ዓ.ም. ሾላ ገበያ አጠገብ ተወለዱ። እስከ አሥረኛ ክፍል እንደተማሩ ልባቸው ወደ ቦክስ አደላና ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ፋብሪካ ክለብ አሥራ አራት ዓመት ተጋጠሙ። ቢመቱም አይወድቁም እየተባለ ይጨበጨብላቸው ነበር። እኛ ዘመዶቻቸውም አብረን አጨብጭበናል።

በ1976 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዘርፌ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሳምራዊትንና ቢሩክን አፈሩ። ቦክሱን ከተዉ በኋላ በዚያው ፋብሪካ ግምጃ ቤት እስከ ጡረታቸው ሠሩ። ገርጂ ሲገቡም የእድሩ ድንኳን ኃላፊ ሆነው ተመረጡ፤ ለቅሶ ቤት የሚቀድማቸው አልነበረም።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ግን ይረሱ፣ በሆነ ባልሆነው ይቆጡ፣ ሲራመዱም ይንገዳገዱ ጀመር። ምላሳቸውም ይተሳሰር ነበር። በ2014 ዓ.ም. አንድ ማለዳ ጎረቤት ሞቶ ጥሩምባ ሲነፋ፣ ድንኳኑን አስተባብረው የተከሉት በጤናቸው ባሉት በሌላው ጎረቤት በአቶ ሃይደር ደጅ ላይ ሆነ። አቶ ሃይደር በራቸውን ሲከፍቱ የራሳቸው ለቅሶ ጠበቃቸው። እድሩም ተሰብስቦ፣ "ሰክረው በመገኘታቸው" ብሎ በቃለ ጉባኤ ከኃላፊነት አነሳቸው። መጠጥ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ወይዘሮ ዘርፌ ምለው ቢናገሩም የሚያምናቸው ጠፋ፤ ሁለት ዓመት አንገታቸውን ደፍተው ኖሩ።

በ2016 ዓ.ም. ሳምራዊት የአእምሮና ነርቭ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ በወጣትነታቸው የቻሉት ቡጢ ሁሉ አእምሯቸውን ሳይጎዳው እንዳልቀረ፣ የሚያድን መድኃኒትም እንደሌለው በሐዘን ነገሯቸው። ወይዘሮ ዘርፌ ግን እጃቸውን ዘርግተው፣ "ተመስገን! በሽታ ከሆነ እናስታምማለን" አሉ።

የሐኪሙን ወረቀት ይዘው እድሩ ፊት የቆሙት አቶ ሃይደር ናቸው። ሽማግሌዎቹ ቤት ድረስ መጥተው ይቅርታ ጠየቁ፤ በቃለ ጉባኤውም "ሰክረው" የሚለው ተሰርዞ "ታመው" ተባለ። አቶ መኩሪያ ነገሩ የገባቸው አይመስልም ነበር። ወይዘሮ ዘርፌ ግን ደግመው አስነበቡት። አያት ሰፈር ቦክስ የሚያሠለጥነው ቢሩክም ከዚያ ወዲህ ጭንቅላቱን የተመታን ልጅ ሐኪም ሳያየው ወደ ግጥሚያ አይመልስም።

አቶ መኩሪያ በቤታቸው ሲታመሙ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ወይዘሮ ዘርፌ ዛሬ የሚያለቅሱት ለባላቸው ብቻ ነው፤ ስለ ስማቸው ማልቀሱ ቀርቶላቸዋል። ያን ሁሉ ቡጢ የቻለ ጭንቅላታቸውን እግዚአብሔር በአብርሃም ዕቅፍ ያሳርፍልን።