ለፊልሙ ያለቀስከው ለቅሶ

ውድ ወንድወሰን፣

እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጀምር፣ እንዴት እንደሆንክ ትናንት ከአጋሮ ሰው ጋር ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ፊልምህ እዚህ ቪዲዮ ቤት ገብቷል። አልሄድም ብዬ ነበር፤ ጎትታ የወሰደችኝ ጎረቤቴ ፈድሊያ ናት። "ባልሽ አይደል እንዴ፣ ዛሬ እንኳ ትንሽ ሳቂ" አለችኝ። ከጅማ ከመጣሁ ጀምሮ ስስቅ አይታኝ አታውቅም።

ገና ፊትህ ብቅ ሲል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ምንም አላልክም እኮ፤ በር ከፍተህ መግባትህ ብቻ በቃቸው። ከኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ "ጀመረ ይሄ ቀልደኛ" ብሎ ጭኑን መታ። በሲዲ ያወጣሃቸውን ቀልዶች በቃሉ የሚያውቅ ሕዝብ ነው፣ ምን ይፈረድበታል። ልጁ የሞተበት አባት ሆነህ እንደመጣህ ማን ይንገረው?

ከዚያ የሬሳ ሳጥኑ ላይ ተደፋህ። "ሌሊት ብርድ ልብሱን ይገፋል፤ አሁን ማን ያለብሰዋል?" አልክ። ቤቱ ጸጥ አለ። ያ ንግግር ከድርሰቱ እንዳልሆነ እዚያ ካለው ሰው መሃል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ብርድ ልብሱን የሚገፋው ዮኤል ነው፣ የእኛ ልጅ። ፈድሊያ በሻርፗ አፏን ይዛ "ማሎ፣ ያ ረቢ፣ ይሄ ሰውዬ ማልቀስም ይችላል እንዴ?" አለች። እኔም ገና ማየቴ ነው።

ወንድዬ፣ አልዋሽህም፣ ተናደድኩብህ።

ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር ደጃችን ላይ የተጣለውን የዮኤልን የለቅሶ ድንኳን አስበው። ሐዘንተኛን ማጫወት የለቅሶ ደራሽ ወግ ነው፤ እኛ ቤት ግን ነገሩ ተገላበጠ። ሐዘንተኛው አንተ ሆነህ ለቅሶ ደራሹን ታስቀው ጀመር። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተክለጻድቅ "ጎሽ፣ ልናጽናናህ መጥተን አንተ አጽናናኸን" ሲሉህ ጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ። እኔ ፍራሽ ላይ ተደፍቼ ልጄን እጠራለሁ፣ ከድንኳኑ ሳቅ ይመጣል። ድንኳኑ እስኪነሳ እንዲያው ነበር። ሰው ሲወጣልን እንኳ አንዲት እንባ አላየሁብህም። አርባውን አውጥቼ ሻንጣዬን ይዤ እህቴ ዘንድ የመጣሁት ለዚህ ነው። ዮኤል የሞተው ለእኔ ብቻ መሰለኝ።

ዝም ብትል የምትፈርስ መስሎህ ይሆናል። እሱ ይገባኛል። ከእኔ የደበቅከውን እንባ አውጥተህ ለካሜራ መስጠትህ ግን አልዋጥልኝ አለ። ትናንት ያ ሁሉ ሰው ስሙን እንኳ ለማያውቀው ልጄ አለቀሰ። እኔ ከአባቱ ጋር ሆኜ አንድ ቀን አላለቀስኩለትም።

በፈድሊያ ስልክ ደውለህ በዚህ ፊልም ለምትቀበለው ሽልማት አዲስ አበባ አብረሽኝ ሂጂ ያልከኝን ተወው፣ አልሄድም። ሽልማቱ ይገባሃል፤ ጎበዝ ተዋናይ ነህ፣ ይህን ከልቤ ነው የምልህ።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ጅማ እመጣለሁ፣ ልጃችን መቃብር ጋ። አንተም ና፣ ማንንም አታስከትል። ካለቀስክ አብሬህ አለቅሳለሁ። እንባው እምቢ ካለህም ግድ የለም፣ ዝም ብለህ ያዘኝ። እስከ ዛሬ ማንም አልያዘኝም።

የዮኤል እናት፣
ሰሎሜ