«አንዳንዴ» ለሚል መልስ ቦታ ስላልነበረው መጠይቅ

ለተከበሩ የሕፃናትና የአሳዳጊዎች ጤናና ዕድገት የረጅም ጊዜ ጥናት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ እጠይቃለሁ፤ ዓይንዎም ጆሮዎም እንደ ወትሮው ደኅና እንደሚያገለግሉዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ስድስት ዓመት ቤት ለቤት እየዞርኩ መጠይቅዎን የሞላሁ መረጃ ሰብሳቢ ነኝ። ይህን በጋዜጣ የምጽፈው፣ ለቢሮዎ ያስገባኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች በሥራ ብዛት ሳይነበቡ ስለቀሩ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጥያቄ ቁጥር አሥራ አራት አመሰግንዎታለሁ። «ልጁ ከኋላው ሲጠራ ይዞራል?» ይላል፤ መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ነው። አንዲት ልብስ ሰፊ እናት ስለ ልጇ በየዓመቱ «አንዳንዴ» ትለኝ ነበር። በሥልጠናው ላይ «አንዳንዴ» የሚል ካጋጠማችሁ «አዎ»ን አክብቡ ስለተባልን፣ አራት ዓመት ሙሉ አከበብኩ።

ሁለተኛ፣ ምክር ውጤት ያዛባልና ለእናቶች አንዳች እንዳንመክር ስለከለከሉን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ «እህቴ፣ አንቺ ስንት ልጅ ታያለሽ፤ የኔዋ ደህና ናት አይደል?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ በመመሪያው መሠረት ትክክል ወይም ስህተት የሚባል መልስ የለም ብያት ወደ ቁጥር አሥራ አምስት አለፍኩ። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታን ወለሉ ላይ የሸሚዝ ቁልፎች ትደረድር ነበር። አንድ ጊዜ ስሟን ብጠራ የሚከለክለኝ አልነበረም። አልጠራሁም።

ዘንድሮ ትምህርት ቤት ስትገባ መምህሯ እልኸኛ ናት ብላ የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። በኋላ የመረመራት ሐኪም ግን ሁለቱም ጆሮዎቿ እምብዛም እንደማይሰሙ፣ ቀደም ብላ ብትታይ ኖሮ አፏን በወጉ ትፈታ እንደነበር ተናገረ።

ሦስተኛው ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። «አንዳንዴ» የሚለውን ቃል በየመጠይቁ ጠርዝ ላይ በእርሳስ እጽፍ ነበር፤ የቢሮዎ ኮምፒውተር ግን ጠርዝ አያነብም። በእኔ እጅ ብቻ እንዲህ የተጻፈላቸው ሌሎች አሥራ ዘጠኝ ልጆች አሉ፤ አብዛኞቹ አምስት ዓመት አልሞላቸውም። ወረቀቶቹ በወሩ መጨረሻ ሊወገዱ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ሰው ጠርዙን ያንብብና ለእናቶቻቸው ይንገራቸው።

የጥናትዎ ሠንጠረዦች ዘወትር ያለ እንከን እንዲታተሙ እየተመኘሁ፣ ከመመሪያዎ አንዲት ፊደል ሳልስት የኖርኩ፣

ታዛዥዎ መረጃ ሰብሳቢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልብስ ሰፊዋ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጠይቃኝ የመሥሪያ ቤቱ ነው አልኳት። አመነችኝ፤ ወንበርም አቀረበችልኝ። ይህ ጋዜጣ በወጣ ማግስት ሄጄ የቀረውን እነግራታለሁ። እርስዎም መምጣት ከፈለጉ ቤቱን አሳይዎታለሁ፤ በስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ስላልመጡ መንገዱ ይጠፋዎታል።