የፊዚክስ ክፍሉ ጥቁር መስኮቶች

ረቡዕ፣ መጋቢት 12

አባትሽ ከክፍሉ አይነሳም። ደብዳቤውን በገዛ እጄ አራት ቦታ ቀድጄ ቅርጫት ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ልነግርሽ ስለቸኮልኩ ፊደሌ ቢወላገድ አትፍረጅብኝ።

አሁን ወደ ሰላምታው። እንደምን ከረምሽ የኔ ልጅ? ጤናሽስ? እንቅልፍሽስ? እኛ ደህና ነን፤ ከዛሬ ጀምሮማ ከደህናም በላይ ነን። ስልክ ልደውልልሽ ነበር፤ ግን አንቺ «እሺ እማዬ፣ አጠር አድርጊው» ማለት ትወጃለሽ፣ ይህ ደግሞ የሚያጥር ነገር አይደለም።

የምን ደብዳቤ ትዪ ይሆናል። ባለፈው ሐሙስ ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠርቶ «ጻፊ» አለኝ። ጸሐፊ ነኝና ጻፍኩ። የፊዚክስ መምህሩ ቴክኖሎጂን ከማስተማር ጋር የማቀናጀት ሥልጠናውን ስላላለፉ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ወደ ንብረት ክፍል እንዲዛወሩ ይላል። አባትሽ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማረ ሰው፣ የተሰበረ ወንበር ሊጠብቅ። የቀረው ፊርማና ማህተም ነበር፤ እሱም ከዛሬው የትምህርት ቢሮ ገምጋሚዎች ጉብኝት በኋላ ሊሆን። ስድስት ቀን ሙሉ መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌበት ሰነበትኩ። ለአባትሽ አልነገርኩትም። እራት ሳቀርብለት እንኳ ሳህኑን እንጂ ፊቱን ማየት አቅቶኝ ነበር።

ቴክኖሎጂ ያሉትን ልንገርሽና ፍረጂ። ፕሮጀክተሮች መጡ፣ ከነባለሙያቸው። ባለሙያው ሁልጊዜ አንገቱ ላይ ሽቦ ስለሚጠመጥም መምህራኑ «ባለገመዱ» ይሉታል። ያ ሁሉ የምስክር ወረቀት ያለው ሰው፣ ፀሐይ በመስኮት እንደምትገባ የነገረው የለም መሰለኝ፤ ነጩን ስክሪን ከመስኮቶቹ ትይዩ ሰቀለው። ጠዋት ጠዋት ምንም አይታይ። ጤነኛ ሰው ቢሆን ስክሪኑን ወደ ሌላው ግድግዳ ያዞራል፣ ቢቸግረው መጋረጃ ይሰቅላል። እነሱ ግን መስኮቱን ጥቁር ቀለም ቀቡት። መስታወቱን ነው የምልሽ፣ ልክ እንደ ከሰል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይኸው ነው። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ፣ «ጭብጨባ» የምንለው፣ ማንም ምንም ቢናገር ማጨብጨብ ነውና ሥራው፣ «አሁን ዘመናዊ ክፍል ሆነ» ብሎ አጨበጨበ። መብራት በሳምንት ሦስት ቀን በሚጠፋበት ሰፈር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ልጆቹም ጨለማውን ሲያገኙ መተኛት ለመዱ፤ ማን ይፈርድባቸዋል?

አባትሽ በሥልጠናው ላይ ጠየቀ የተባለው አንድ ነገር ነው፤ «መብራት ሲጠፋስ?» ለዚች ጥያቄ አሠልጣኙ ባለገመዱ «አመለካከት» በሚለው ሣጥን ውስጥ ዜሮ ሰጠው። ወረቀቱን ያየሁት እኔ ነኝ፣ ዜሮዋን አሳምሮ ነው የከበባት።

ዛሬ ጠዋት ገምጋሚዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው፤ መሪያቸው ፀጉራቸው የሸበተ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። እኔ ቃለ ጉባኤ ልይዝ መዝገቤን አቅፌ ከኋላ ተከተልኩ። የአባትሽ ክፍል ገባን፣ በሩ ተዘጋ፣ ባለገመዱ ማሽኑን አበራ፣ ጭብጨባ ሊያጨበጭብ እጁን አነሳ። መብራት ጠፋ።

ድቅድቅ ጨለማ። አንዷ ተማሪ «ደህና እደሩ» አለች፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጭብጨባ «ጄኔሬተሩ ይነሳ» እያለ ወንበር እየገጨ ወጣ።

አባትሽ ግን ድምፁ እንኳ አልተለወጠም። «የዛሬ ትምህርታችን ምን ነበር?» አለ።

«ስለ ብርሃን።»

«እንግዲያው በሩን ዝጉትና እንማር።»

እየዳበሰ ወደ መስኮቱ ሄደና እርሳስ በሚቀርጽበት ምላጭ ቀለሙን ፋቀው፤ አተር የምታህል ቀዳዳ ብቻ። መጀመሪያ ምንም የለም። ዓይናችን ጨለማውን ሲለምድ ስክሪኑ ላይ ግቢያችን ወጣ። ሰማዩ ከታች፣ ዛፎቹ ተዘቅዝቀው፣ ቅጠላቸው ሲወዛወዝ፣ አረንጓዴው ሳይቀር። ወዲያው ጭብጨባ በዚያ መጣልሽ፤ ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጎ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ ጄኔሬተር አስነሺውን እየተቆጣ። እኔ መዝገቤን አፌ ላይ ጫንኩ።

ባለገመዱ በጨለማው ውስጥ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይቅርታ መምህር፣ ይሄ የትኛው አፕ ነው?»

«ቀዳዳ ይባላል» አለው አባትሽ፣ ሳይስቅ።

ቅድም ደህና እደሩ ያለችው ልጅ ተነሳች። «ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ነው የተገለበጠው። ከዛፉ ጫፍ የተነሳው በቀዳዳዋ አልፎ ከታች ያርፋል፤ ከሥሩ የተነሳው ከላይ።» በዚያ ክፍል ነቅታ ያየኋት ዛሬ ገና ነው።

መሪዋ «ቀዳዳው ቢሰፋስ? የበለጠ አይታይም?» አሉ።

አባትሽ ምላጩን አቀበላቸው። «ይሞክሩት።»

ሴትዮዋ ቦርሳቸውን መሬት ላይ ጥለው ፋቁ። «ብርሃኑ በዛ፣ ምስሉ ግን ተድበሰበሰ» አሉ፤ ልክ እንደ ተማሪ እጃቸውን አውጥተው። ከዚያ ወዲያ ጄኔሬተሩ ተነሳ አልተነሳ የጠየቀ የለም።

ቢሮ ስንገባ መሪዋ ሪፖርቱን ገልጠው «ሥልጠና ወድቀው ሊዛወሩ ነው የተባሉት መምህር የታሉ?» ብለው ጠየቁ። ጭብጨባ ጉሮሮውን ጠረገ። «እ... እሳቸው ናቸው።»

«ደብዳቤው?»

ከመሳቢያዬ አወጣሁት። አንብበው ቀና ሲሉ እንባዬ ቀድሞኝ ነበር። «አንቺ ለምን ታለቅሻለሽ?» አሉኝ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ደግሞ ባለቤቴ ናቸው።»

ደብዳቤውን መልሰው ሰጡኝ። «ቅደጂው» አሉ። መስታወቱ ተፍቆ ይጽዳ፣ ስክሪኑ ወደ ሌላው ግድግዳ ይዙር፣ ከእንግዲህ መምህራኑን የሚያሠለጥኑት እኚህ ሰው ናቸው አሉ። ጭብጨባ ምን አደረገ? አጨበጨበ።

ወደ ቤት ስንሄድ እኔ ማሽኑንም ሰዎቹንም አንድ ላይ ስረግም አባትሽ አስቆመኝ። «ማሽኑ ምን በደለ? መብራት ሲኖር የጨረቃን ገጽ ያሳየኛል» አለ። ይሄው ነው እሱ። ደብዳቤውንም ነገርኩትና ይቅርታ ጠየቅኩት። ያውቅ ኖሯል። መጽሐፎቹን ከክፍሉ አንድ በአንድ ማውጣት ጀምሮ ነበር።

«ማን ነገረህ?» ስለው፣ «ሠላሳ ዓመት ወሬ ያላቋረጠች ሴት ስድስት ቀን ዝም ስትል ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» አለኝ።

ያን ሰሞን በስልክ «አባዬ፣ ዘመኑ ጥሎህ ሄዷል» ያልሽውን አልተቀየምኩም ይላል። ግን ከዚያ ወዲህ ያንቺ ስልክ ሲጮህ ለእኔ ያቀብለኛል፣ አስተውለሽ ከሆነ። ለደስታችን ድግስ እደግሳለሁ፣ እሷም ትመጣለች ብዬዋለሁ። ሰማያዊ ሸሚዙን እንድተኩስለት አወጣልኝ።

ስለዚህ ሥራ አለብኝ እንዳትዪኝ። ለወንድምሽ ነግሬዋለሁ፣ አክስትሽም ከነልጆቿ ትመጣለች፣ ተማሪዎቹም የሚገታቸው የለም። ደህና አምሺልኝ፤ ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ የወጣሽበት መንገድ መመለሻም ይሁንሽ። ቀኑን ጻፊው፤ ቅዳሜ መጋቢት 22፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ሁላችሁም እዚህ ናችሁ።

እናትሽ