ሰው ያልሞተበት ድንኳን

ቅዳሜ፣ ጥር 18

ዛሬ የእድራችንን ድንኳን ለመጨረሻ ጊዜ ተከልነው። መንገዱ ሊሰፋ ቤቶቻችን ስለሚፈርሱ የሰፈራችን የመንደራ ቆጪ ሰው እየተበተነ ነው፤ አንዳንዱ ወደ ሰቃ፣ አንዳንዱ ልጆቹ ወዳሉበት ከተማ። እድሩም ይፍረስ፣ ድንኳኑም ለሌላ ይሰጥ ተባለ። ዳኛችን ጋሽ ወልዴ፣ «ለሌላ ሰፈር እድር ቀዳዳ ድንኳን አንሰጥም፤ ተክለን እንስፋው» ብለው ነው ያስወጡን።

እኔ ከጠዋት ጀምሮ ተናድጃለሁ። ከእንግዲህ ለማንሰባሰብበት ድንኳን መርፌ መያዝ ምን ይባላል?

እየሰፋን ሳለ አንዲት ባጃጅ ቆመችና አዴ ዘይነባ ወረዱ። የድሮ ጎረቤታችን ናቸው፤ አሁን ጊንጆ ጉዱሩ ነው የሚኖሩት። በመንገድ ሲያልፉ ድንኳኑን አይተው ኖሯል። ሻርፓቸውን ወደ ፊታቸው ጎትተው፣ «ኢና ሊላሂ! ኤኙቱ ዱኤ? ማነው የሞተው?» አሉ።

«ማንም አልሞተም፣ አዴ» አልኳቸው። «እድሩ ፈርሶ ነው። ልንለያይ ነው።»

«ተሳስቼ ነው» ብለው ይስቃሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ገብተው ለቀስተኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ።

«ባለቤቴን የሸኛችሁልኝ በዚህ ድንኳን ነበር» አሉና ማልቀስ ጀመሩ።

አንድ በአንድ መርፌያችንን አስቀምጠን አጠገባቸው ተቀመጥን። እኔ እናቴን አሰብኩ። ሌላውም የየራሱን።

ሊመሽ ሲል ጋሽ ወልዴ እንደ ልማዳቸው ተነሥተው ቆሙ። ለቅሶ ላይ ሁልጊዜ ነገ በስንት ሰዓት እንደምንገናኝ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ሁላችንም ቀና ብለን ጠበቅናቸው። ትንሽ አዩንና፣ ሰዓት ሳይናገሩ መልሰው ተቀመጡ።