የአምስተኛው ቀን ዓረፍተ ነገር

ሐሙስ፣ ጥር 22

ወንድምጋሼ፣ እንዴት አደርክ?

ከቀብርህ ወዲህ አልጋህን አላነሳነውም። እማዬ "ለጊዜው ይቆይ" ብላለች። ትምህርት ቤት ተመልሻለሁ። ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያናግረኛል። ምንም አይሰማኝም። የሒሳብ ፈተና እንኳ አላስፈራኝም።

ትናንት ሐኪሙ እማዬን ጠርቷት አብሬያት ሄድኩ። ለካንሰርህ የሰጡህ መድኃኒት የሰውነትህን በሽታ መከላከያ ካንሰሩ ላይ እንደሚያነሳሳው፣ አንዳንዴ ግን መከላከያው ልኩን አልፎ ራሱን ሰውየውን እንደሚያጠቃ ታውቃለህ። ይህ ማን ላይ እንደሚደርስ አስቀድመው የሚገምቱት ከደም ምርመራው፣ ከትኩሳቱና በየጠዋቱ ከሚያስጽፉህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። አንጎል ሲነካ መጀመሪያ ጽሕፈት ይበላሻል።

"የልጅዎ የአደጋ ግምት ዝቅተኛ ነበር" አላት። "መድኃኒቱን በወሰደ በአምስተኛው ቀን ጠዋት እንኳ ጽሕፈቱ ደህና ነው። የቱ ጋ እንደተሳሳትን አልገባንም። ለሚቀጥሉት ታካሚዎች ስንል ወረቀቶቹን እንደገና እያየን ነው።"

እማዬ ራሷን ነቀነቀች። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ሁልጊዜ የምትጽፈው ያችኑ ነበር፦ "ታናሽ ወንድሜ እንደ ጀነሬተር ያንኮራፋል።" ነርሷ በሳቅ ትፈርስ ነበር። በአምስተኛው ቀን እስክሪብቶው ከእጅህ ወደቀ።

"ጩጬ፣ አንተ ጻፍልኝ። ይህን ካዩ ቅዳሜ ወደ ቤት አይለቁኝም።"

"ለነርሷ ልንገራት?"

"የትምህርት ቤት ወረቀት ላይ ፊርማዬን ስታስመስል ማንን አስፈቀድክ?"

የእጅ ጽሕፈትህን አስመስዬ ጻፍኩ። ነርሷ አየችውና "ጎበዝ፣ ከትናንቱ እንኳ ያምራል" አለችህ። ከሰዓት በኋላ ስሜ ጠፋብህ። በማግስቱ አልነቃህም።

ባለህበት አይብረድህ። እግርህን ሁልጊዜ ይበርድህ ነበር።

ዛሬ እማዬ ሥራ ጀመረች። እቤት ብቻዬን ስሆን የመጀመሪያዬ ጠዋት ነው። አልጋዬን አነጠፍኩ። ማንኮራፋቴን የነገረኝ የለም። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጬ ያችኑ ዓረፍተ ነገር በራሴ እጅ ጽሕፈት ጻፍኩ። ከሥሯ "የአምስተኛውን ቀን የጻፍኩት እኔ ነኝ" ብዬ ጨመርኩ። ከዚያ ቦርሳዬን ይዤ፣ ትምህርት ቤት ሳልገባ፣ በሆስፒታሉ በኩል ዞርኩ።

ነርሷ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"እናትህ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

ወረቀቱን ፋይልህ ውስጥ፣ ከአምስተኛው ቀን ወረቀት ኋላ አስገባችው። ፋይሉን ዘግታ "ቁርስ በልተሃል?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። አልበላሁም ነበር።

ጩጬህ