ቅርፊቱን አይቼ የተናገርኩት

ውድ ቃሪያዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ጉልበቴ ይንቋቋል እንጂ ደህና ነኝ። ይህን የምትጽፍልኝ የወንድምሽ ሚስት ናት። ገና ሳንጀምር ተጣላን። "አባባ፣ 'ጡት' ከምል 'ደረት' ብዬ ልለፈው?" አለችኝ። "ደረትማ እኔም አለኝ! ጡት ብለሽ ጻፊ!" አልኳት። እየሳቀች ጻፈችው።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ፣ የበደልኩሽ በስልክ ስለሆነ ነው።

አምና እህትሽ ከጡት ምርመራ ስትመለስ አንቺ ስልክ መስመር ላይ ነበርሽ። ማሞግራም የሚሉት የጡት ራጅ ምንም አላሳየም፤ ግን "ሥጋው ጥቅጥቅ ስላለ በደንብ አይታይም፤ በአዲሱ መሣሪያ ድገሚ" ብለው ቀጠሯት። እኔ ምን አልኩ? "የለም ከተባልሽ ምን ልትፈልጊ ትሄጃለሽ? ያልበላሽን አትከኪ!" አልኩ። አንቺም ሰማሽኝ፤ ስልኩ ተዘጋ።

እህትሽ ግን ዓይን ዓይኔን እያየች፣ "አባዬ፣ አንተ ቅርፊቱን አይተህ 'ይህ ግንድ ጉጥ የለውም' ትላለህ?" አለችኝ።

አርባ ዓመት እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ስሠራ አፌን ያስያዘኝ አለቃ አልነበረም። እሷ በገዛ መጋዜ ቆረጠችኝ! ግንድ ካልተሰነጠቀ ውስጡ አይታወቅም፤ ይህን ለስንቱ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ተናድጄም ኮርቼም አብሬያት ሄድኩ።

ራጅ የምታነሣዋን ባለሙያ፣ "ይሄ ከበፊቱ በምን ይለያል?" አልኳት።

"አባባ፣ ይሄ ከላይ እየዞረ ደጋግሞ ያነሣል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ጡቱን በስስ በስሱ ለያይቶ ያሳየናል።"

"ጣውላ በጣውላ በይኛ! ያውም ያለ መጋዝ!"

"እንዲህ ቶሎ የገባው ሰው አላየሁም" ብላ ሳቀች። ሊገባኝማ!

ጉጧ እዚያ ነበረች። ምስር ታክላለች፤ በእጅ ብትዳሰስ አትገኝም። ናሙና ወስደው መረመሩና ካንሰር ነው አሉ። ሐኪሙ "በጊዜ ተደረሰባት" ብሎ ቆርጦ አወጣላት። ዛሬ ቁስሏ ደርቆ ከእኔ ጋር ስትሟገት ትውላለች። እኔም ላገኘሁት ሁሉ "አባቷን አልሰማ ብላ የዳነች ልጅ አለችኝ" እላለሁ። ደረቴን ነፍቼ ነው የምለው።

አሁን ወደ አንቺ። አንቺም እንደሷ ድገሚ ተብለሽ፣ "አባዬ ያለው ልክ ነው" ብለሽ ቀጠሮሽን እንዳስቀረሽ እህትሽ ትናንት ነገረችኝ። ምነው ልጄ! ዕድሜሽን ሙሉ አንድ ምክሬን ሰምተሽ አታውቂም፤ ስትሰሚ ይህችን ትሰሚ?

ፈርተሽ ከሆነ ፍሪ። እህትሽም እየተንቀጠቀጠች ነው የገባችው። መሣሪያው ጨምቆ ይይዛል፣ ያማል አለችኝ፤ ግን ወዲያው ይለቃል። ምናልባት ምንም አይገኝብሽም፤ እሰየው! ብቻ ይታይ።

ቀጠሮ አሲዢና ቀኑን ንገሪኝ። አውቶቡስ ይዤ መጥቼ ከምርመራ ክፍሉ በር ፊት እቀመጣለሁ። የተናገርኩትን መልሼ የምውጥ ሰው አይደለሁም፤ ታውቂኛለሽ። ያችን በስልክ ያልኳትን ግን ዋጥኳት። በጽሑፍ ያዢብኝ።

ለአንቺ ሲል ቃሉን የዋጠው
አባትሽ